«ገባኝ» የማያሳምናቸው ዶክተር

ዶክተር ገመዳ በየቀኑ ክፍል ሲገቡ መጀመሪያ የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ይከታሉ። የእሳቸው ፈተና በሰዓት አይለካም።

«ገባኝ» ሲሉት የማያምን ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ለእኛ ለሲያትሎች የደረሰን ግን ዋናው ነው። ክቡርነታቸው ኖርዝጌት አካባቢ ባለ ኮሌጅ ባዮሎጂ ያስተምራሉ፤ እኔ ረዳታቸው ነኝ። የተማርኩት ግጥም ስለሆነ ስለ ልብ የማውቀው ሌላ ሌላ ነበር፤ አሁን ክፍሎቹን በየስማቸው እጠራለሁ።

«ገባኝ አትበሉኝ፤ አሳዩኝ!» ይላሉ። ክፍል ውስጥ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ባቡር ጣቢያ መንገድ የጠየቃቸው እንግዳ፣ የነገሩትን መልሶ ካልነገራቸው አይለቁትም፤ ባቡሩ ያመልጠዋል። ቸርች ውስጥም ከስብከት በኋላ በር ላይ ቆመው «ሶ፣ ፓስተሩ ምን አሉ?» ስለሚሉ ምእመኑ በጓሮ በር መውጣት ለምዷል።

ፈተናቸው ወረቀት የለውም። ተማሪው የተማረውን ለቤተሰቡ ሰው ያስተምርና ያንን ሰው ይዞ ይመጣል። ዶክተር ለእንግዳው ሆን ብለው አንድ ስህተት ይናገራሉ። እንግዳው ካረማቸው ተማሪው አለፈ፤ ካላረማቸው ወደቀ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ ሕግ ነው።

የአንዲት ቬትናማዊት ተማሪ አያት በዣንጥላቸው ወለሉን እየመቱ ተቆጧቸው፤ ልጅቷ መቶ አገኘች። ችግሩ ያለው የእኛዎቹ ሐበሾች ጋ ነው። የተማረን ሰው በሰው ፊት ማረም እንዴት ይሆናል? እትዬ የውብዳር፣ ኩላሊት ደረት ውስጥ ነው ሲሏቸው «እርስዎ ካሉ እዚያው ይሁን» ብለው የወንድማቸውን ልጅ ጣሉት።

ከዚያ የሩሐማ ተራ ደረሰ። ኮርሱን ስትወስድ ሁለተኛ ጊዜዋ ነው፤ ከወደቀች ነርሲንግ አትገባም። አባቷ አቶ አበጀ ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ።

«ከሳንባ የሚመለሰው ደም በቀኝ በኩል ወደ ልብ ይገባል፤ አይደል አቶ አበጀ?»

አቶ አበጀ ልጃቸውን አዩ። ዶክተሩን አዩ። ከወንበራቸው ብድግ ብለው እጅ ነሱ።

«ልክ ነዎት ዶክተር።»

«አባ! ኦ ማይ ጋድ» አለች ሩሐማ፤ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ሩሐማ አለፈች። ይህን እንደምጽፍ ስነግራቸው ዶክተር «ሁሉንም ጻፊ፤ ሁለተኛውን ጥያቄ ብቻ ተይልኝ» አሉኝ። ስፈራቸው ነው የኖርኩት፤ ይህን ግን መተው አቃተኝ።

ያን ዕለት ዶክተር ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ልጅዎ በግራ ነው ትላለች» አሉ። «ሶ፣ ተሳስታለች ማለት ነው?»

«እሷማ አልተሳሳተችም!» አሉ አቶ አበጀ፤ የኮታቸውን ቁልፍ እየቆለፉ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ዶክተር፤ የተሳሳቱት እርስዎ ነዎት።»