የጉምቦው ሰባ ሦስት ሰው ተኩል

ታላቅ ሥራ በጥድፊያ አይሠራም። ስሙን የማልጠቅሰው መሥሪያ ቤታችን ለአገር አቀፉ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሙከራ እንዲሆን፣ ደቡብ ሱዳን፣ ጁባ ዳር ባለችው ጉምቦ ውስጥ አንድ ግቢ ለመቁጠር የተዘጋጀው አሥራ አራት ወር ብቻ ነው። በዚህች አጭር ጊዜ ዘጠኝ ዐውደ ጥናት አካሄድን። አሠልጣኞችን፣ የአሠልጣኞችን አሠልጣኞች፣ አስተባባሪዎችንና የአስተባባሪዎችን ተቆጣጣሪዎች ሾምን። ብርቱካናማ ሰደርያም አሰፋን። በበጀት እጥረት የተነሳ ግን ቆጣሪዎቹ ሁለት ብቻ ሆኑ። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለነበርኩ ሁሉንም በክብር መዝግቤዋለሁ።

የሥራው አእምሮ ከአዲስ አበባ የመጡት የስታቲስቲክስ ባለሙያ አቶ ታዲዮስ ነበሩ። የሚቆጠረው ግቢ ደግሞ የወይዘሮ ማናህሎሽ ነው። ሃያ ሁለት የቆርቆሮ ክፍል ከኢትዮጵያ ለመጡ ሰዎች ያከራያሉ፤ ለተከራዮቹም ምግብ ያበስላሉ። ውኃ የሚያመጣላቸው ቦቴ ነው፤ እሱም ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይፈልግ ይቀራል። ስለዚህ ቆጠራውን በጉጉት ጠበቁት፤ ሰባ አምስት ሰው የተቆጠረበት ግቢ የውኃ ጉድጓድ ይቆፈርለታል ተብሏልና።

በመጀመሪያው ቀን ቆጣሪዎቹ ሰደርያቸውን ለብሰው ገቡ። ተከራዮቹ የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠይቁ መስለዋቸው በኋላው አጥር ዘለሉ። የቀሩት ወይዘሮ ማናህሎሽ፣ አንዲት አራስ ከነሕፃኗ፣ እና እግሩ በጄሶ የታሰረ የቦዳ ቦዳ፣ ማለትም የሞተር ታክሲ ነጂ ናቸው። ድምር፦ አራት።

መሥሪያ ቤቱ አልተደናገጠም፤ ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና አሰማራ። መኪናዋ «ቆጠራ ጥቅም አለው!» እያለች ከተማውን ዞረች። ወሬው ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ሲደርስ ጥቅሙ በነጻ የሚታደል አጎበር ሆኖ ነበር። በማግስቱ ተሸካሚው፣ ነጋዴው፣ ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ሰው የነጭ ዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ግቢውን አጥለቀለቀው። አንዱ ሰውዬ አንዴ በባርኔጣ፣ አንዴ ያለ ባርኔጣ ተቆጠረ። ድምር፦ መቶ አርባ ሦስት።

አቶ ታዲዮስ ሁለቱን ደምረው ለሁለት አካፈሉና ስብሰባ ጠሩ።

«የግቢው ነዋሪ ሰባ ሦስት ተኩል ነው» አሉ።

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ተኩሉ ማን ነው?»

«አማካይ ነው ክቡር ዳይሬክተር። በሳይንስ ያጋጥማል።»

«ገብቶኛል። የላይኛው ግማሽ ነው የታችኛው?»

ጉዳዩ ከባድ ስለነበር ለንዑስ ኮሚቴ ተመራ።

ወይዘሮ ማናህሎሽ ውጤቱን የሰሙት እሑድ፣ ከቸርች ሲወጡ ነው። አቶ ታዲዮስም እዚያው ይጸልያሉና በር ላይ ያዟቸው።

«ወንድም ታዲዮስ፣ ጉድጓዱስ?»

«ያሳዝናል እህት ማናህሎሽ። አንድ ሰው ከግማሽ ጎደላችሁ።»

«እኛ እኮ ሰማንያ አንድ ነን! በየቀኑ የማበላቸውን ሰዎች ልታሳውቀኝ ነው?»

«አልጠራጠርም። ግን የእርስዎ ቁጥር ዘዴ የለውም።»

«ዘዴ? አራሷ ውኃ አጥታ ሦስት ቀን የልጇን ጨርቅ ሳታጥብ ቆይታለች። ና እስቲ ይህን ዘዴህን ለእሷ አስረዳት!»

አቶ ታዲዮስ አንገታቸውን ደፉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ስለ ጉዳዩ ከልብ እንደሚጸልዩም ቃል ገቡ።

ችግሩ የመቆፈሪያው መኪና መከራየቱ ነበር፤ የሆነ ቦታ መቆፈር አለበት። ዳይሬክተሩ «ስሙና ፊርማው የተሟላ፣ ሰባ አምስትና ከዚያ በላይ ሰው ያለበት ቦታ ፈልጉ» ብለው አዘዙ። መዛግብቱ ተፈተሹ። በመላው ጁባ እንዲህ ያለ ዝርዝር የተገኘው አንድ ብቻ ነው፤ የዐውደ ጥናቶቻችን ተሳታፊዎች፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች፣ ሁሉም የፈረሙት እዚሁ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ።

ጉድጓዱ ከመኪና ማቆሚያችን አጠገብ ተቆፈረ። ዳይሬክተሩ ሪባን ቆርጠው «መረጃ ውኃ ያፈልቃል» ሲሉ ጭብጨባው ለደቂቃዎች አላቋረጠም። ውኃው ጣፋጭ ነው። ሰደርያዎቹን አጠብንበት።

በሳምንቱ ወይዘሮ ማናህሎሽ በቦዳ ቦዳ ሁለት ባዶ ጀሪካን ይዘው በራችን ላይ ወረዱ። ዘበኛው ያህያ ነበር።

«ሞያ ፊ?» አሉት በጁባ አረብኛ፤ ውኃ አለ ወይ ማለታቸው ነው።

«አለ እናቴ፤ ግን መመዝገብ አለብሽ» አለና የእንግዳ መዝገቡን ገለጠ። «ስም?»

«ማናህሎሽ።»

«ከየት?»

«ከጉምቦ።»

«ውኃው ለስንት ሰው ነው?»

«ለሰማንያ አንድ።»

ያህያ ሥልጠና አልወሰደም። የነገሩትን ጻፈ።