ክሬግ ቲቸር ወደ ሰሜኑ ጎሶንግ እንደ ዘመቱ

ሞዓ ሰሌዳ ዘእምነገደ ካናዳ፥ ክሬግ ሃልቨርሰን፥ ሥዩመ ቪዛ፥ መምህረ እንግሊዝኛ ዘብሔረ ኮሪያ፥ በደቡብ ባለችው በጂንጁ ከተማ በሚገኝ የልጆች የማታ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ በተቀመጡ በአራተኛው ዓመት፥ የኮሪያ ሰዎች የፊደላቸውን በዓል በሚያከብሩበት ሰሞን፥ ይህ ገድል ተፈጸመ። ያየነውን እንጽፋለን፥ የሰማነውንም አንሰውርም፤ ጌታችን በገዛ አፋቸው ያወሩትን ግን ግማሹን ጥለን ግማሹን እንቀበላለን።

እኒህ ክሬግ ቁመታቸው ከበር መቃን የሚደርስ፥ ጢማቸው የበቆሎ ፀጉር የሚመስል፥ ድምፃቸው ከሦስተኛ ፎቅ ተነሥቶ መንገድ ማዶ ዶሮ ጠባሹ ቤት የሚሰማ ነበሩ። በአገራቸው ሳሉ የስፖርት ጫማ ይሸጡ ነበር፤ ከአውሮፕላን በወረዱ ማግስት ግን ሊቅ ተባሉ፥ አፋቸውን የፈቱበት ቋንቋ ለሊቅነት በቅቷቸዋልና። ከኮሪያ ቋንቋም የያዙት አንዲት ሰላምታ፥ አንዲት የቢራ ማዘዣና «ነ» የምትል ቃል ብቻ ነበረች፤ ትርጓሜዋም «አዎ» ማለት ነው። ፊደሉንማ ፈጽመው ናቁት፤ ክብና በርጩማ የተደረደረ ይመስላቸው ነበርና፥ «ይህን የሚያነብ ሰው ሥራ ፈት ነው» ብለው አወጁ።

በክፍልም ውስጥ ሥርዓታቸው እንዲህ ነበር፤ ዘግይተው ይገባሉ፥ ከካልሲ የተጠቀለለች ኳስ ወደ ልጆቹ ይወረውራሉ፥ ኳሷ ያረፈችበት ልጅ አንድ ቃል ይጮኻል፥ እርሳቸውም «ጉድ ጆብ!» ብለው ይባርኩታል፤ እንዲህም እያሉ ሰዓቱን ያስመሻሉ። ሰዋስዉን፥ እርማቱን፥ የእናቶችን ስልክና የሚያለቅሰውን ልጅ ሁሉ የምትሸከም መምህርት ፕዮ ኡንሱክ ነበረች፤ እርሷም የአገሩ ተወላጅ ስለ ሆነች ሊቅ የሚላት አልነበረም።

በዚያም ክፍል ማ ሮኡን የምትባል የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ኳሷ በርሷ ላይ አርፋ፥ ጠዋት የበላችውን በእንግሊዝኛ እንድትናገር ታዘዘች፤ እርሷም «ራይስ» ብላ ሩዝ ልትል ስትል ምላሷ ተንሸራቶ «ላይስ» አለች፤ እርሱም ቅማል ማለት ነው። ጌታችንም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፥ በሰሌዳውም ላይ ቅማል በሳህን ሥለው ማንኪያ ጨመሩበት፤ ልጆቹም ሁሉ ሳቁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሮኡን በእንግሊዝኛ ክፍል አፏን አልከፈተችም። ጌታችን ግን አላስተዋሉም፤ እርሳቸውም ራሳቸው ስሟን መጥራት ተስኗቸው «ሎዋን» እያሉ ይጠሯት ነበር፥ በዚህ የሳቀባቸው ግን የለም።

በዓሉም በቀረበ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ወይዘሮ ቦንግ ሚራን እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ቅዳሜ ወላጆችን ይዘን ጎሶንግ ባሕር ዳር እንወርዳለን። የዳይኖሰሩ ኮቴ ያለበት፣ ገባችሁ? ልጆቹ እዚያ በእንግሊዝኛ ንግግር ያደርጋሉ። ክሬግ ቲቸር፣ አንተ ዳኛ ነህ። አውቶቡሱ ጠዋት ከበር ይነሣል፤ ከእኛ ጋር ና።»

ጌታችን ግን ከሕፃናት ጋር በአንድ አውቶቡስ መንገላታትን ጠሉ፤ የሚዘፍን አለ፥ የሚያስታውክ አለ። ስለዚህ በዋዜማው ወደ ሴኡል ወጥተው ከአገራቸው ልጆች ጋር ሊዝናኑ ቈረጡና እንዲህ ሲሉ መለሱ፦ «እናንተ ሂዱ። እኔ ከሴኡል በቀጥታ እመጣለሁ። ይህን አገር እንደ መዳፌ ነው የማውቀው!»

መምህርት ፕዮም ከደረጃው ላይ ተከትላ አስጠነቀቀቻቸው፦ «ክሬግ ቲቸር፣ ስማኝማ። ከደቡብ መናኸሪያ ነው የምትሳፈረው። ደቡብ! ጎሶንግ የሚባል ሌላም አለ፣ እንዳትሳሳት።» እርሳቸውም አውራ ጣታቸውን አሳይተዋት ወረዱ፤ ቃሏ ግን በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ወጣ።

ከዚህም በኋላ ጌታችን በሴኡል አድረው በማለዳ ተነሡ፥ ራሳቸውንም እያመማቸው መናኸሪያ ፈለጉ። የደቡቡ ሩቅ ነበር፥ የምሥራቁ ግን ካደሩበት ቤት አጠገብ ነበር፤ እርሳቸውም «መናኸሪያ ሁሉ መናኸሪያ ነው» ብለው ወደ ቅርቡ ገቡ። በሰልፉም ጸንተው ቆሙ፥ ከፊታቸው የነበረች ሴት የልጅ ጋሪ ስታጥፍ አልተበሳጩም፥ ከኋላቸው የነበረ ባለ ዘንግ ተራራ ወጪ «ኧረ ቶሎ በል፣ ወንድሜ!» ብሎ ቢገፋቸው አልወደቁም፤ መስኮቱም ዘንድ በደረሱ ጊዜ «ጎሶንግ!» ብለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

ቲኬት ቆራጯም ጠየቀች፦ «የቱ ጎሶንግ? የሰሜኑ ነው?»

ክሬግም መለሱ፦ «ነ!»

«ዳር ድረስ ነው የምትሄደው?»

«ነ! ነ!»

ወዲያውም ቲኬት ተሰጣቸው፤ ኮሪያንም በቋንቋዋ እንዳነጋገሯት አውቀው ደረታቸውን ነፉ።

በዚያም አውቶቡስ ከጌታችን ጋር የዘመቱት እነዚህ ናቸው፤ ከፈቃድ ወደ ጠረፍ የሚመለሱ ወታደሮች፥ ሁሉም አፋቸውን ከፍተው የሚያንኮራፉ፤ ዘንግ የያዙ ተራራ ወጪዎች፥ ገና ከከተማ ሳይወጡ እንቁላል የሚልጡ፤ ካርቶን ሙሉ ፍሬ በጭናቸው የያዙ አንዲት አሮጊት፤ ሹፌሩም፥ መነጽራቸው የጠቈረ። ክሬግም በመካከላቸው እንደ ራስ ተቀመጡ። ነቅቶ የነበረ አንድ ወታደር በተሰባበረ እንግሊዝኛ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቃቸው፤ እርሳቸውም «ዳይኖሰር!» ብለው መለሱ። ወታደሩም ባልንጀራውን በክርኑ ቀሰቀሰና በቋንቋው «ፈረንጁ ዳይኖሰር ለማየት ነው የምሄደው ይላል» አለው፤ ያኛውም ዓይኑን ሳይገልጥ «የኛን ሻለቃ ማለቱ ነው» አለ፥ የነቃም ሁሉ ሳቀ። ጌታችንም የተወደዱ መስሏቸው አብረው ሳቁ።

ተራራው ከፍ እያለ፥ አየሩም እየበረደ ሄደ፤ እርሳቸው ግን አንቀላፍተው ነበር። በነቁም ጊዜ ባሕር አዩና «ደረስን» ብለው ወረዱ። በአሸዋውም ዳር ረጅም አጥር ቆሞ ነበር፥ በላዩም የእሾህ ሽቦ ነበር፥ ጠመንጃ የያዘ ወታደርም ወዲያና ወዲህ ይመላለስ ነበር። ክሬግም ይህን አይተው በልባቸው አደነቁ፤ «አንድ ኮቴ ለመጠበቅ ይህን ያህል! እንግዲህ ዳይኖሰሩ ውድ ነገር ነው» አሉ። አጥሩንም ተከትለው ተጓዙ፤ ነገር ግን ልጅ አላዩም፥ ወላጅ አላዩም፥ ኮቴም ቢሉ ከራሳቸው ጫማ በቀር አላገኙም። ያን ጊዜ እርምጃቸውን አፈጠኑ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር፥ ዳኛውም እርሳቸው ነበሩ፥ ውላቸውም በዚያው ክረምት ያልቅ ነበርና።

በባሕሩም ዳር ምግብ ቤት ያላቸው አንዲት እማማ በር ላይ ቆመው አዩአቸው። ክሬግም ወደ እርሳቸው ሮጡ፥ ቃል ግን አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ጣቶቻቸውን እንደ ጥፍር አጠፉ፥ ክንዳቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ፥ ጥርሳቸውንም አውጥተው አገሡ፥ እያገሡም ወደ ጎን ተንቀሳቀሱ።

እማማም እጃቸውን በሽርጣቸው ጠራርገው እንዲህ አሉ፦ «ውይ ልጄን! ርቦት ነው እኮ የሚያጓራው! በቃ፣ በቃ፣ ገብቶኛል፤ ግባ ተቀመጥ።»

ጥቂትም ቆይተው ትልቅ የተቀቀለ ሸርጣን በትሪ አቀረቡላቸው፥ እግሮቹ ከትሪው ተርፈው የተንጠለጠሉ። ጌታችንም መጀመሪያ ደነገጡ፤ ኋላ ግን ሽታው አሸነፋቸውና ተቀመጡ፥ እግር ሰበሩ፥ ቅልጥም መጠመጡ፥ ጢማቸውም በቅባት ራሰ። በዚህም ጦርነት መካከል ሳሉ ስልካቸው ጮኸ።

መምህርት ፕዮ ነበረች፦ «ክሬግ ቲቸር፣ የት ደረስክ? ወላጆቹ ተቀምጠው እየጠበቁ ነው!»

«ጎሶንግ ነኝ! እናንተ ናችሁ እንጂ የጠፋችሁት!»

«እኛም ጎሶንግ ነን።»

«አይደላችሁም!»

«እንዴት አይደለንም? ባሕሩ ዳር ነን።»

«እኔም ባሕሩ ዳር ነኝ! አጥሩ አጠገብ!»

«የምን አጥር?»

«የዳይኖሰሩ ነዋ! ወታደሮቹ የሚጠብቁት!»

መምህርት ፕዮም በቀጭን ድምፅ «አጠገብህ ሰው ካለ ስልኩን ስጠው» አለች፤ እርሳቸውም ለእማማ ሰጡ።

እማማም ጮኸው ተናገሩ፦ «ሃሎ! አዎ፣ ጎሶንግ ነው። የሰሜኑ ነዋ፣ ሌላማ የት አለ? ወዲያ ማዶ እኮ ሰሜን ኮሪያ ነው፣ የኔ ልጅ። ምን? ዳይኖሰር? ወይ ጉዴ! እኔ ደግሞ ሸርጣን መስሎኝ ቀቀልኩለት!» ይህንም ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፥ ስልኩንም መለሱላቸው፥ ትከሻቸውንም መታ መታ አድርገው አንድ እግር ጨመሩላቸው። ክሬግም የሆነውን በእንግሊዝኛ በሰሙ ጊዜ ጆሮአቸው ከሸርጣኑ ይልቅ ቀላ። በአገሪቱ አንደኛው ጫፍ ይጠበቁ ነበር፥ በሌላኛው ጫፍ ተቀምጠው ነበር።

ወደ ደቡቡ ጎሶንግ እንመለስ። ወይዘሮ ቦንግ ወሬውን በሰሙ ጊዜ መጀመሪያ ለመምህርት ፕዮ ብቻ በሹክሹክታ «ምናባቱ ሊያደርግ ሄደ! ዛሬ ያዋርደኝ?» አሉ፤ ወዲያው ግን ፊታቸውን አስተካክለው ወደ ወላጆች ዞሩና በድምፅ ማጉያ አወጁ፦ «ክሬግ ቲቸርን ድንገት ሆዱን አመመው። ግን አይዟችሁ፣ መልኩ ከእኛ ጋር ነው!»

ያን ጊዜ ከአውቶቡሱ ዕቃ ማስቀመጫ የጌታችን ምስል ወጣ፤ ለማስታወቂያ በቁመታቸው ልክ ከካርቶን የተቆረጠ፥ ፈገግ ያለ፥ አውራ ጣቱን ያነሣ። በዳኛውም ወንበር ላይ አስደገፉት፥ ነፋስ እንዳይጥለውም ድንጋይ አስጠጉለት። እናቶችም እየተጋፉ አብረውት ፎቶ ተነሡ፤ አንዲቱም «ከራሱ ይልቅ ይሄኛው ጨዋ ነው፣ ቢያንስ አያዛጋም» አለች።

ልጆቹም በተራ ተናገሩ። የማ ሮኡን ተራ በደረሰ ጊዜ መምህርት ፕዮ ጭንቀት ያዛት፤ ልጅቱ ንግግሯን በቃሏ ይዛ ሳለ በጌታችን ፊት በልምምድ ሁሉ እንደ ድንጋይ ትደርቅ ነበርና። ሮኡንም ወጣች፥ ወደ ዳኛው ወንበር አየች፥ ረጅም ጊዜም አየች። ዳኛው አልሳቀም፥ ስሟንም አላበላሸም። አፏንም ከፈተች፤ ስለ አያቷ ተናገረች፥ በማለዳ ተነሥቶ ለቤተ ሰቡ ሩዝ እንደሚቀቅል፥ የተቃጠለውንም ከድስቱ ሥር ፍቆ ለርሷ እንደሚያስቀምጥላት። ያችም አስፈሪ ቃል መጣች፥ አንዴም አይደለም፥ ደጋግማ መጣች። አጥርታ ትጥራት ወይም አታጥራት የመረመረ አልነበረም፤ የካርቶኑ አውራ ጣት ግን እንደ ተነሣ ነበረ። እናቷም ከመቀመጫዋ ተነሥታ «የኔ ልጅ ናት ይቺ? ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ በይ ስንላት ጠረጴዛ ሥር ነው እኮ የምትገባው!» ብላ ጮኸች፥ አጨበጨበችም።

መምህርት ፕዮም ልጅቱን እቅፍ አድርጋ «ዛሬ ምን አገኘሽ አንቺ?» አለቻት። ሮኡንም መለሰች፦ «ቲቸር፣ ይሄኛው አይስቅብኝም።» ይህንም ቃል ወይዘሮ ቦንግ ከኋላ ቆመው ሰሙት።

ጌታችንም በማግስቱ ወደ ጂንጁ ተመለሱ፥ ዴክላን ለሚባል ከአየርላንድ አዲስ ለመጣ መምህርም በቢራ ቤት ገድላቸውን ነገሩት፦ «ሰው የሚፈራው ጠረፍ ድረስ ብቻዬን ሄድኩ። ከወታደር ጋር ተጓዝኩ። አውሬ የሚያህል ሸርጣን በእጄ ገነጠልኩ።» ዴክላንም አመነ፥ ገና ሳምንቱ ነበርና።

ሰኞ ግን ወይዘሮ ቦንግ አስጠርተዋቸው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ክሬግ ቲቸር፣ ውልህ ሲያልቅ አናድሰውም።»

«ለአንድ ቀን ስሕተት? መንገድ ማን አይሳሳትም?»

«ስለ ተሳሳትክ አይደለም። አንተ ሳትኖር ስላማረብን ነው።»

ጌታችንም ከዚህ ዘመቻ ሁሉ እውነተኛ የሆነችውን አንዲት ጥያቄ ጠየቁ፦ «ልጆቹስ? የት ሄደ ብሎ የጠየቀ የለም?» ወይዘሮ ቦንግም ሰው ነበሩና ሊዋሹላቸው ፈለጉ፥ ውሸቱ ግን ቶሎ አልመጣላቸውም፤ ክሬግም መልሱን ከዝምታቸው ሰሙ፥ ወጡም። ማታውን ለዴክላን «እምቢ አልኳቸው። ለምነውኝ ነበር፤ ግን ይህችን አገር ጨርሻታለሁ» አሉ።

ክረምቱም በመጣ ጊዜ ሻንጣቸውን አሰሩ፥ ልጆቹም ወጉ እንደሚያዘው ጎንበስ ብለው ተሰናበቷቸው። ጌታችን የካርቶኑን እጅ ጨበጡ፥ አብረውትም ፎቶ ተነሡ፥ ወደ በሩም ሄደው በኃይል ገፉት፤ በሩ አልተከፈተም። ደግመው በትከሻቸው ገፉት። በበሩም ላይ በትልልቅ የኮሪያ ፊደል «ይጎትቱ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። መምህርት ፕዮም መጥታ በአንድ እጇ ጎተተችላቸው።

እኛም ጸሐፍት እንዲህ እንላለን፦ ማን እንደ ክሬግ! ነገሥታት በመምጣታቸው ሕዝብን ደስ ያሰኛሉ፤ እርሳቸው ግን ባለመምጣታቸው አስደሰቱ። መምህራን በመናገር ዲዳን ያናግራሉ፤ እርሳቸው ግን በመጥፋታቸው የልጅን አንደበት ፈቱ። ክብራቸው ከሰሜኑ ጎሶንግ እስከ ደቡቡ ጎሶንግ ይሰማ፥ ሸርጣን ሁሉ ስማቸውን ይፍራ፤ ምስላቸው በጂንጁ ለዘለዓለም ይንገሥ፥ እርሳቸው ራሳቸው ግን በካናዳ ይክረሙ። አሜን።