ዘር የሚመርጠው ክኒን

ሰው ባት እንዳለው የሚያውቀው መቼ ነው? ሲያመው! መቱ ከተማ ተወልጄ፣ የገበያውን ዳገት ስወጣና ስወርድ አርጅቼ፣ ባቴን ያወቅሁት ባለፈው ክረምት ነው። ባጃጅ ለመሳፈር እግሬን በእጄ አንስቼ ነበር የማስገባው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ጎረቤት ከተማ ኡካ የሚኖሩት ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ግርማ አንድ ሰሞን ብንመረመር፣ የሁለታችንም ኮሌስትሮል ጣሪያ ነክቷል። ምን ይገርማል? ቅቤ ወዳድ ነን። አንድ ዓይነት ክኒን ታዘዘልን። አባታችን ገበያ መሀል ደረታቸውን እንደያዙ ወድቀው የቀሩ ሰው ስለሆኑ፣ ነገሩን እንደ ቀልድ አላየነውም። ያን ቀን አጠገባቸው ነበርኩ። እፈራለሁ፤ ምን ልዋሽ!

ለጋሼ ክኒኑ እንደ ማር ተስማማቸው። እኔን ባቴን ያዘኝ። ደውዬ ብነግራቸው "ስንፍና ነው! የአንድ አባት ልጆች አይደለንም? ለኔ የተስማማ ላንተ ምን ሆኖ?" አሉኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ "እኔን ምሰል" እንዳሉኝ ነው። ክኒኑን ልተወው ስል አባቴ ድቅን ይሉብኛል፤ ልዋጠው ስል እግሬ እምቢ ይላል። እንዲህ ያለ ጣጣ ምን ይሉታል?

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ዶክተሯ ልጅ እግር ናት፤ አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀለች አጫወተችኝ። ደሜን አስመርምራ ስታበቃ፣ "ጋሼ፣ የዘር ጉዳይ ሳይሆን አይቀርም" አትለኝም?

ብድግ አልኩ። በዚያ እግሬ!

"ዶክተር፣ ክኒንም ዘር መቁጠር ጀመረ? አባቴ ከመንዝ የመጡ፣ እናቴ የሃሉ ኦሮሞ ልጅ፤ በየትኛው በኩል ነው የጠላኝ?" አልኳት። መታወቂያዬን ላወጣ ኪሴ ገብቻለሁ።

እስኪያስላት ሳቀች። "ዘር ስልዎት ሰኚ፣ እንደ በቆሎ ዘር ነው እንጂ ብሔርዎን ማን ጠየቀ?" አለችኝ። አንዳንድ ሰው ሲፈጠር ጀምሮ ጉበቱ ያንን መድኃኒት ከደሙ ቶሎ አያነሳውም አሉ፤ መድኃኒቱ እየተጠራቀመ ጡንቻ ያሳምማል። ከወላጅ የሚመጣ ውርስ ነው፤ የአንድ እናትና አባት ልጆችም ድርሻቸው ይለያያል። የዘሩ ምርመራ እዚህ ስለሌለ እንዲህ ነው ብላ አልማለችም። ብቻ ያንን አስቁማ ሌላ ዓይነት አዘዘችልኝ፣ በራሴ ፈቃድ እንዳላቋርጥም አስጠነቀቀችኝ።

ይኸው ባቴ ለቀቀኝ፣ ኮሌስትሮሌም ወረደ። ባለፈው ቅዳሜ አባቴ የወደቁበትን ቦታ በገዛ እግሬ አለፍኩት። እንባዬ መጣ።

ደስታዬን ለማን ላካፍል? ለጋሼ ደወልኩ። "ጋሼ፣ ከወላጆቻችን ለኔ ብቻ የደረሰኝ ውርስ ተገኘ" አልኳቸው።

ጮኹ፦ "ለብቻህ? ማን ተናዞልህ? የአንድ አባት ልጆች አይደለንም? እኩል ነው የምንካፈለው!"

"ይሁን ጋሼ" አልኳቸው፤ "የቀኙን ባት ይወስዳሉ ወይስ የግራውን?"