በድረዲን ቁልፎቹን ሲያተልቅ

አላህ በየቦታው አንድ ሰው አስቀምጧል፤ ሥራውን ሳይሆን የሥራውን መጀመሪያ የሚሠራ። ገበሬ ቢሆን ሞፈሩን ሲጠርብ ክረምቱ ያልፍበታል። ሙሽራ ቢሆን ጫማውን ሲያስር ሠርገኛው ይበተናል። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የእኛው ደግሞ ቆቦ ውስጥ አንድ ቢሮ ተሰጥቶት ተቀምጧል። ክቡር በድረዲን ይባላል፤ የኮምፒውተር ቁልፎች ጠቅላይ አዛዥ።

የክቡርነታቸው ሥራ የመስኖ ጉድጓዶቻችንን የውሃ መጠን ኮምፒውተር ላይ በመስመር መሳል ነው። ውሃው ሲወርድ መስመሯ ትወርዳለች፤ ሲወጣ ትወጣለች። በድረዲን ግን መስመሯን ከመሳሉ በፊት ከስክሪኑ ራስ ላይ የተደረደሩትን ትንንሽ ቁልፎች ማስተካከል አለበት። ያተልቃቸዋል። አንገቱን ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ያያቸዋል። ያሳንሳቸዋል። ሥዕል ማጉያዋ ቁልፍ ከጎረቤቷ ጋር አልተስማማችም፤ ያራርቃቸዋል፣ መልሶ ያስታርቃቸዋል። ባለጉዳይ ሲቆጣው «አብሽሩ ጋሼ፣ መጀመሪያ ዓይን ይመቸው!» ይላል። ዓይን እስኪመቸው መብራት ይጠፋል። መብራት ሲመጣ ቁልፎቹ ወደ ትንሽነታቸው ተመልሰው ይጠብቁታል፤ እሱም ቢስሚላህ ብሎ እንደ አዲስ ይጀምራል።

አንድ ቀን የማሳ ጎረቤቴ ሀሊሜ ከሮቢት አብራኝ መጥታ ብታየው ጊዜ አላስቻላትም።

«አንተ ልጅ፣ እነዚህን እንዲህ የምትኩላቸው ለማን ልትድራቸው ነው?»

ባለፈው በጋ የእኛ ጉድጓድ ጉዳይ ቀረበ። ሽንኩርታችን ራስ መቋጠር ጀምሯል። ውሃው በጣም ወርዶ ከተገኘ የመስኖ ውሃ ኮሚቴው ጉድጓዱን ይዘጋል፤ ካልወረደ እናጠጣለን። የማተሚያው ቀለም ስላለቀ ኮሚቴው በሰብሳቢው በአቶ ፈንታው እየተመራ ስክሪኑ ፊት ተኮለኮለ። በድረዲን ለሽማግሌዎቹ ክብር ሲል እያንዳንዷን ቁልፍ ብስኩት አሳክሏታል። ግራፉ ከሥራቸው ተጨፍልቆ መስመሯ ለጥ ብላ ተኝታለች።

«አልሐምዱሊላህ፣ ውሃው ንቅንቅ አላለም» አልኩ።

«ሥዕሉ ግን ጠበበ እኮ» አለ አቶ ፈንታው።

ክቡርነታቸው ቅሬታ አይችሉም። ቁልፎቹን አሳነሱ። ግራፉ ቦታ ሲያገኝ ወደ ላይና ወደ ታች ተለጠጠ፤ ያቺ የተኛች መስመር ቁልቁል ተምዘገዘገች።

«ወይ ጉድ! ገደል ገባ!» አለ አቶ ፈንታው። «ዓይናችን እያየ!»

በድረዲንን ላብ አጠመቀው። «ያው ነው! ወላሂ ያው ነው! ሥዕሉ ነው የተለጠጠው። ጎን ላይ ያሉትን ቁጥሮች እዩዋቸው፣ አልተነኩም!»

«ቁጥሩን አንተ እይ። እኛ ውሃውን አይተናል።»

ጉድጓዱ ተዘጋ። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ጫፉ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ አንገቱን ደፋ፣ በመጨረሻ ፍየል ገባበት። ሀሊሜ ማሳው ዳር ቆማ «ድርቅ ሲበላን እናውቃለን፤ ቁልፍ ሲበላን ግን የመጀመሪያችን ነው» አለች። ሶብር አድርጊ አልኳት። ሶብር ትልቅ ነገር ነው፤ ገበያ ግን አያወጡትም።

ከዚያ ወዲህ ከበድረዲን ጎን ሌላ ባለሙያ ተመድቧል። ፈጣን ነው። ቁልፎቹ የሰሊጥ ፍሬ ያካክላሉ ይባላል፤ ያየ ግን የለም፣ ስክሪኑ ወደ ግድግዳ የዞረ ነውና። «ወርዷል። ቀጣይ!» ይላል። ምን ያህል ወረደ ብትለው፣ የምታየው ግንባሩን ነው።

በድረዲን ደግሞ ጭራሽ ብሶበታል። አሁን ጎን ላይ ያሉትን ቁጥሮችም ያተልቃል። አተላልቆ ሲጨርስ፣ ከጨረሰ፣ ማውዙን እጄ ላይ ያኖራል። «ጋሼ ነጅሙዲን፣ እርስዎ ይጫኑ። ቁጥሩንም እርስዎ ያንብቡልኝ።» ፊደልን ከስኳር መጠቅለያ ላይ ለለቀምኩ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሀሊሜም ጣቷን ስክሪኑ ላይ አስደግፋ ታነባለች። የተዘጋው ጉድጓዳችን ቀስ እያለ እየሞላ ነው። ይከፈት አይከፈት ተብሎ ኮሚቴው ሲሰበሰብ፣ ኢንሻአላህ፣ ቁጥሩን የምንናገረው እኛ ነን።

ትናንት ስሄድ ፈጣኑ ባለሙያ ፊት ማንም አልነበረም። በእጁ ጠቀሰኝ። የበድረዲን ወረፋ ግን ከበሩ ወጥቶ ባጃጆቹ ጋ ደርሷል፤ እሱ ገና አንዷን ቁልፍ እያተለቀ ነው። የዙህር አዛን አለ። ሰግጄ ተመለስኩ። እዚያችው ቁልፍ ላይ ነው።

ከሀሊሜ ኋላ ተሰለፍኩ።