ሙሽሮችን ያጣላች ሰላምታዬ

ወገን፣ ዛሬ በሦስት ፊደል የሰው ትዳር ላፈርስ ነበር!

ትዳር ስላችሁ ደግሞ፣ ገና የሠርጉ ኬክ ያላለቀ ትዳር።

ለማታውቁኝ፣ አርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ ሪሴፕሽን ነኝ። ከተመረቅኩ በኋላ ስንት ቦታ ተንከራትቼ ያገኘሁት ሥራ ነው፤ ገና ሙከራ ላይ ነኝ። ስልክ ማንሳት፣ ቁልፍ መስጠት፣ በቴሌግራም ቡክ ለሚያደርጉ እንግዶች መልስ መጻፍ የኔ ነው።

መልሴን ስጨርስ ታዲያ SMH እላለሁ።

ሁሌ! ለሁሉም!

ለምን መሰላችሁ? ግቢ እያለን አንዷ የዶርማችን ልጅ እዚሁ ከተማ ሲቀላ መናኸሪያ ስልኳን ተሰረቀች። በሰው ስልክ ገብታ ግሩፓችን ላይ ጻፈችልን። ከሥሯ አንዷ SMH፣ ሌላዋም SMH። እኔ አሰብኩ፣ አሰብኩና ፈታሁት። ኤስ እና ኤም ሰላም፣ ኤች ሁኚ። ሰላም ሁኚ! ስልኳ ለተሰረቀች ልጅ ከዚህ የተሻለ ምን ይባላል? እንዴት መልካም ልጆች ናቸው ብዬ እኔም ጨመርኩበት።

ማንም አላረመኝም። ለካ በስህተት ልክ ሆኜ ነው!

እሺ፣ ወደ ጉዴ ልምጣ።

በቀደም ያሬድ የሚባል ልጅ ከአዲስ አበባ ጻፈልኝ። ሠርጉ እንዳለቀ ከሚስቱ ጋር ሊመጣ ነው፣ ባለ አንድ አልጋ ክፍል ይፈልጋል።

«እሺ፣ ለሁለት ሰው ባለ አንድ አልጋ ክፍል ይዘንልዎታል። SMH»

ትንሽ ቆየና «ባለትዳር ነን እኮ» አለኝ።

እኔ ምን ቸገረኝ! «እንኳን ደስ አላችሁ! SMH»

የሠርግ ፎቶ ላከ። ሳልጠይቀው! እኔ ደግሞ ሰው ደስታውን ሲያካፍለኝ ደስ ይለኛል። «ሙሽሪት በጣም ታምራለች። SMH» ብዬ መለስኩ።



በኋላ ለጨዋታ ያህል ነው መሰለኝ፣ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አርባ ምንጭ እንደተማረ፣ ከተማዋ እንደናፈቀችው ጻፈልኝ።

«እርስዎም ናፍቀውናል። SMH»

ይቺ ናት ጉድ የሠራችኝ።

ዛሬ ከሰዓት መጡ። ሙሽራዋ ሄለን ጥቁር መነጽሯን ሳታወልቅ ከፊት፣ ያሬድ ሻንጣ ተሸክሞ ከኋላ። የማንጎ ጁስ አዘጋጅቼ፣ ጥርሴን ሁሉ አሳይቼ ተነሳሁ። ጁሱን ዞር ብላም አላየችው።

«ቴሌግራም ላይ የምትጽፊው አንቺ ነሽ?»

«አዎ!» በኩራት እኮ ነው።

«በይ እህቴ፣ የምታውቂውን ንገሪኝ።»

«ስለ ክፍሉ?»

«ስለ ባሌ!»

 የሆቴሉ ባለቤት እትዬ አስቴር ከቢሯቸው ብቅ አሉ።

ሄለን የባሏን ስልክ ተቀብላ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። «ባለትዳር ነን ሲልሽ SMH። የኔን ፎቶ አይተሽ SMH። እዚህ ተምሬያለሁ ሲልሽ እርስዎም ናፍቀውናል፣ SMH! እዚህ ሲማር ከማን ጋር ነበር? እዚህ ሆቴል ማንን ይዞ ነው የመጣው? መንገዱን ሙሉ ስጠይቀው አላውቃትም ይለኛል!»

«ማርያምን አላውቃትም!» አለ ያሬድ። ላብ አጥምቆታል።

እኔ ምንም አልገባኝም። «ሰላም ሁኑ ማለቴ እኮ ነው» አልኩ።

«ምን?»

«ኤስ እና ኤም ሰላም። ኤች ሁኑ።»

መነጽሯን አወለቀች። ስታለቅስ እንደመጣች ዓይኗ ያስታውቃል። 

«እንግሊዝኛ እኮ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ራሴን ነቀነቅኩ ማለት ነው። ጉድ ነው፣ አሳፋሪ ነው፣ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ ለማለት ነው የሚጻፈው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!

እዚያው ቆሜ የጻፍኩትን ሁሉ በልቤ አነበብኩት። ባለትዳር ነን ሲለኝ፣ ጉድ ነው! ሙሽሪት ታምራለች፣ ምን ዓይነት ዘመን ላይ ደረስን! እናቷ ሞተውባት ክፍሏን ለሰረዘችው እንግዳ ደግሞ... ተዉት። እሱን አልነግራችሁም።

«ይቅርታ...» አልኩ። ሄለን አፍጥጣ አየችኝ። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ልታለቅስ ነው ስል፣ ሻንጣዋ ላይ ዘጭ ብላ ሳቋን ለቀቀችው። እንዲያው ሆዷን ይዛ!

ያሬድ ግድግዳውን ተደግፎ «ተመስገን!» አለ። «መንገዱን ሙሉ የተጨቃጨቅነው እኮ ሰላም ሁኑ ተብለን ነው!»

እጁን ስባ አጠገቧ አስቀመጠችው። «ይቅር በለኝ፣ የኔ ጌታ» ስትለው ሰማሁ። ዞር አልኩላቸው።

አለቀ ብላችኋል? እኔም ብዬ ነበር!

«አንቺ ልጅ» አሉኝ እትዬ አስቴር። «ለኔ ያስተማርሽኝስ?»

ኧረ በስማም! ለካ እሳቸውንም አስተምሬያቸዋለሁ! በቅርቡ የእትዬ አስቴርን ሴት ልጅ ለወንድ ልጃቸው የፈለጉ ቤተሰቦች ሽማግሌ ልንልክ ነው ብለው ጽፈውላቸው ነበር። እትዬ አስቴር ምን ብለው መለሱ? «በደስታ እንጠብቃችኋለን። SMH»

ሰዎቹ ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው ጠፍቷል።

እትዬ አስቴር ወዲያው ደወሉ። ስፒከር ላይ! ሙሽሮቹ እንኳን ሳቃቸውን አቁመው ማዳመጥ ጀመሩ። እኔ በልቤ ሥራዬን ተሰናበትኩ።

«ወይዘሮ አስቴር!» አሉ የልጁ አባት። «ቆየንባችሁ አይደል? ከሽማግሌዎቹ አንዱ አሟቸው እኮ ነው። አሁን ተሽሏቸዋል፣ እሁድ ብንመጣ ይመቻችኋል?»

«ይመቸናል! ያቺ መጨረሻ ላይ የጻፍኳት ነገር ግን...»

«SMH? የሆቴልዎ ስም በአጭሩ መስሎን!»

እትዬ አስቴር ስልኩን ዘግተው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «ስሚ» አሉኝ። «ሰላም ሁኑ ማለት ስትፈልጊ፣ ሰላም ሁኑ ብለሽ ጻፊ። በፊደል አይከፈልበትም!»

ሥራዬ አለ ማለት ነው! እንደምንም ሳልስቅ «እሺ» አልኩ።

አሁን አመሻሹ ላይ ሙሽሮቹ በረንዳ ላይ ናቸው። ሐይቁን እያዩ ዓሣ ይጠብቃሉ፣ እሷ እየደጋገመች «ኤች ሁኑ!» እያለች ትስቃለች። ይሁን፣ ትሳቅብኝ። ስታለቅስ ከምትገባ ይሻላል።

ቅድም ደግሞ ሄለን በቴሌግራም እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «TBH አንቺን ባናውቅ ይቆጨን ነበር። ነይ እራት አብረሽን ብዪ።»

እንዴት ደስ እንዳለኝ! መልስ ልጽፍላት ስልኬን አንስቼያለሁ።

ግን ዛሬ ከሆነው በኋላ እናንተን ሳልጠይቅ አልልክም። TBH ማለት «ተባረኪ ሆዴ» ነው፣ አይደል?