የአያ ደሳለኝ ጭብጨባ

ስብሰባ ላይ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያጨበጭብ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? በሰሜን ተራሮች፣ ጊች በምትባል መንደር ስንኖር ጎረቤቴ አያ ደሳለኝ እንዲያ ነበር። እጁን ግን አትናቁት፤ እሱ ወንጭፉን ካነሣ ጭላዳ ዝንጀሮ ገብሳችን ዘንድ ድርሽ አይልም ነበር። ያ ገብስ ዛሬም በሕልሜ ይሸተኛል።

አንድ ቀን መንደራችን ስላለችበት ፓርክ የወጣውን ሕግ ሊያነቡልን አንድ ሹም መጡ። «ዋልያ ይጠበቃል!» አሉ፤ አያ ደሳለኝ አጨበጨበ። «ጭላዳ አይነካም!» አሉ፤ የጭላዳ ጠላት አጨበጨበ። «የጊች መንደር ተነሥቶ ደባርቅ ይሰፍራል!» አሉ፤ ይኼኔም አጨበጨበ። እኛስ? ፊደል ያልቆጠርን ጅሎች ሁሉ ተከተልነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ለገዛ ቤትህ መፍረስ ታጨበጭባለህ?» አለችው ሚስቱ።

«እጄ ቀደመኝ።»

ደባርቅ ከሰፈርን ወዲህ እኔ በስተርጅና ማንበብ ተማርኩ። አያ ደሳለኝም የሕጉን ወረቀት ይዞ መጣ። «እስቲ መመለሻ የሚል አንቀጽ ፈልግልኝ፣ ወንድሜ።» ከዳር እስከ ዳር አነበብኩለት፤ የለም።

ዘንድሮ በጥምቀት አገሩ ሁሉ ሲያጨበጭብ፣ እሱ ሁለት እጁን ጋቢው ውስጥ ቀብሮ ቆመ።

«አጨብጭብ እንጂ፣ ለታቦት እኮ ነው!» አልኩት።

«ቆይ» አለኝ፤ «መጀመሪያ የሚሉትን ልስማ።»