የጋሽ ሶፎንያስ የቫዮሊን ሐረግ

በየሰፈሩ አንድ የማይረካ አስተማሪ አይጠፋም። መልአክ ወርዶ ቢጫወትለት እንኳ "ክርንህን ቀና አድርግ" ሳይለው አይለቀውም። ባሕር ማዶ ላለው የሐበሾች ሰፈር፣ ለሲዋርድ፣ ጋሽ ሶፎንያስ ደረሱት፤ ለጋሽ ሶፎንያስ ደግሞ ተማሪያቸው ሩት ደረሰቻቸው።

ክቡርነታቸው ቫዮሊን የተማሩት አዲስ አበባ፣ ሃኮፕ ከሚባል አርመን ሽማግሌ ነው። ሃኮፕ በልጅነቱ ቪየና፣ አሎይስ የሚባል ኦስትሪያዊ እግር ሥር ተቀምጧል። አሎይስ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ቢሞትም ከጋሽ ሶፎንያስ ሳሎን ወጥቶ አያውቅም። ነፍሱ ልትወጣ ስትል ካህኑ ሲያዜሙለት፣ "አባቴ፣ ድምፅዎ ወርዷል" ብሎ አርሞ ነው አሉ የሞተው።

"አሎይስ ሃኮፕን ወለደ፤ ሃኮፕም ሶፎንያስን ወለደ" ይላሉ፣ ወንጌል እንደሚያነብ ሰው። ከዚያ ተማሪዎቻቸውን አየት ያደርጉና በረጅሙ ይተነፍሳሉ።

ተማሪዎቹም አንድ በአንድ ተበተኑ። ኖህ ለሆኪ ጨዋታ፣ ኤልሻዳይ ለውሃ ዋና ትተዋቸው ሄዱ። ኤደን ፕሬሪ በሚባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ስትሠራ ውላ ክንዷ እየዛለ የምትመጣው ሩት ብቻ ቀረች። ለምን እንደቀረች ለራሷም አይገባትም።

ክረምቱ ሲገባ ስትሮክ የጋሽ ሶፎንያስን ግራ እጅ ወሰደው። ሩት ቫዮሊኗን ይዛ ሪችፊልድ፣ እሳቸው የገቡበት አረጋውያን መጦሪያ ድረስ ሄደች።

"አየሽ?" አሏት፣ የማይታዘዘውን እጅ በቀኛቸው አንስተው እየጣሉ። "አሎይስ እዚህ ሪችፊልድ መጥቶ ሞተ። ሐረጉ አለቀ።"

ልታጽናናቸው መጫወት ጀመረች።

"አቁሚ! ሦስተኛው ጣትሽ እዚያ ምን ይሠራል?"

ሩት ገነፈለች። "ጋሼ፣ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ! እነኖህን ጎበዝ ይሏቸው ነበር። እኔን ግን፣ አይ ሚን... ማለቴ፣ አንዴ እንኳ!"



"ጎበዝ ያልኳቸው የታሉ?" አሉ ጋሽ ሶፎንያስ። "የተመሰገነ ሁሉ በቃኝ ብሎ ሄደ። አንቺም እንዳትሄጂብኝ ፈራሁ።"

እጃቸው አልዳነም፤ ሌላ ተማሪም አልመጣም። ሩት ግን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እየሄደች ስትሰደብ ትውላለች።

አንድ እሑድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሳይተነፍሱ እስከ መጨረሻው አዳመጧት። ሩት ቀስቷን አወረደች።

"ጋሼ? ደህና ነዎት? ምነው ሳይቆጡኝ?"

"ስህተትሽ በዝቶብኝ፣ ከየቱ ልጀምር እያልኩ ነው" አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ሩት እፎይ አለች። ተመስገን ብላ ቀስቷን አነሳች።